ምዕራፍ ስድስት፦ ከደረጃው በፊት ልኩ

የመስሚያ መሣሪያ ለመግዛት የተነሣ ሰው የጆሮውን ጉዳይ ገና በቅጡ ሳይረዳ ስለ ዋጋ እንዲወስን ይጠየቃል። በመልክ እምብዛም የማይለያዩ መሣሪያዎች በሦስት ወይም በአራት ደረጃ ተከፍለው ይቀርቡለታል፤ ታችኛው መሠረታዊ፣ ላይኛው ፕሪሚየም ይባላል፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ሄዶ ከእጥፍ ሊያልፍ ይችላል። ገዢው ለእናቱ ወይም ለአባቱ የሚገዛ ልጅ ከሆነ ውሳኔው ይከብዳል፤ ዝቅ ያለውን መምረጥ በወላጅ ላይ መሰሰት ይመስለዋል። አቅሙ የማይፈቅድለት ደግሞ ጥሩውን እስክገዛ እያለ ዓመታት ያሳልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ የመስሚያ መሣሪያ ቢጠቀሙ ከሚረዳቸው ሰዎች መካከል የሚጠቀሙት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ዋጋም ከዋና ዋናዎቹ እንቅፋቶች አንዱ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፦ ለአብዛኛው ሰው መሣሪያው የሚሰጠውን ጥቅም የሚወስነው በጆሮው ልክ መስተካከሉ፣ መስተካከሉም በመለኪያ መረጋገጡ፣ ከዚያም በኋላ የሚደረግለት ክትትል ነው። ደረጃው ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው።

ደረጃ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አስቀድመን እንይ። ሙሉ በሙሉ ዲጂታል የሆኑ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ከዋሉ ወዲህ መሠረታዊው አሠራር በሁሉም ደረጃ ተመሳሳይ ነው። ማይክሮፎኑ ድምፅ ይቀበላል፤ ቺፑ ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን በቻናሎች ከፋፍሎ እያንዳንዱን ጆሮው ባጣው መጠን ያጎላል፤ ድምፅ ማውጫው ወደ ጆሮ ያደርሰዋል። ደካማው ድምፅ ብዙ፣ ኃይለኛው ጥቂት ስለሚጎላ ቀስ ብሎ የሚነገር ቃል ይሰማል፤ በር ሲላተም ግን ጆሮ አይታመምም። ፉጨትን ማፈን፣ ከፊት ለሚመጣ ድምፅ ቅድሚያ የሚሰጥ ባለአቅጣጫ ማይክሮፎን፣ የማያቋርጥ ጫጫታን መቀነስ በታችኛው ደረጃም የተለመዱ ሆነዋል። ወደ ላይ ሲወጣ የሚጨምረው የቻናሎቹ ብዛት፣ አካባቢን ለይቶ ቅንብርን በራሱ የመቀየር ችሎታ፣ የሁለቱ ጆሮ መሣሪያዎች እርስ በርስ እየተነጋገሩ የመሥራታቸው ስፋት፣ የነፋስና የድንገተኛ ድምፅ ቁጥጥር ነው። ብዙ ጊዜ የአንድ ኩባንያ መሠረታዊና ፕሪሚየም መሣሪያ ውስጣቸው አንድ ዓይነት ቺፕ ሆኖ ልዩነታቸው ኩባንያው በሶፍትዌር የከፈተውና የዘጋው አገልግሎት ነው። ስለዚህ ገዢው ለከፍተኛው ደረጃ የሚጨምረው ገንዘብ የተሻለ ማጉያ ሳይሆን ተጨማሪ አገልግሎት ይገዛል። ቀሪው ጥያቄ ያ አገልግሎት በዕለት ተዕለት ኑሮ ምን ይፈይዳል የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በቀጥታ የፈተኑት በአሜሪካ የሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮቢን ኮክስና ባልደረቦቿ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 45 አዛውንት ተሳትፈዋል፤ ሁሉም የመስማት ጉድለታቸው ከቀላል እስከ መካከለኛ ነበር። እያንዳንዱ ተሳታፊ ከሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች የመጡ አራት ጥንድ መሣሪያዎችን፣ ከየኩባንያው አንድ መሠረታዊና አንድ ፕሪሚየም፣ እያንዳንዱን ጥንድ ለአንድ ወር ያህል በኑሮው ውስጥ ተጠቀመ። የትኛው ውድ፣ የትኛው ርካሽ እንደሆነ አልተነገራቸውም። ሁሉም መሣሪያዎች በባለሙያ በጥንቃቄ ተስተካክለው ነበር። ውጤቱ ሁለት ነገር አሳየ። መሣሪያ ማድረግ ካለማድረግ በግልጽ ይሻላል፤ ፕሪሚየሙ ግን ንግግር በመረዳትም ሆነ በኑሮ ጥራት ከመሠረታዊው በሚለይ መጠን አልበለጠም። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው መሠረታዊው መሣሪያ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሆኖ አለመገኘቱን ነው፤ በልኩ ከተስተካከለ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል፦ ፕሪሚየም መሣሪያ በጫጫታ መካከል ንግግርን የበለጠ እንደሚያጠራ በላቦራቶሪ ተለክቷል ይባላል። እውነት ነው፤ ተለክቷል። የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ግን ላቦራቶሪውንና ኑሮውን ጎን ለጎን አስቀምጠው 54 አዛውንትን በሁለቱም ፈተኑ። ተሳታፊዎቹ በየቀኑ ስልካቸው ላይ ለሚመጣላቸው ጥያቄ በዚያው ሰዓት የሚሰሙትን እየገመገሙ ይመልሱ ነበር። በላቦራቶሪ ፕሪሚየሙ በለጠ፤ በኑሮ ግን ባለአቅጣጫ ማይክሮፎንና የጫጫታ ቅነሳ መኖራቸው ሲጠቅም የፕሪሚየሙ ከመሠረታዊው የሚበልጥ ጥቅም አልታየም። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። በላቦራቶሪ ተናጋሪው ፊት ለፊት ቅርብ ይቀመጣል፤ ጫጫታው ከኋላና ከጎን ይመጣል፤ ክፍሉ አያስተጋባም። በለቅሶ ቤት ወይም በሠርግ አዳራሽ ግን የሚያናግረን ሰው ከጎን፣ ከኋላ፣ ከሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳው ድምፁን ያስተጋባል፤ ጫጫታው ራሱ የሰው ንግግር ስለሆነ መሣሪያው የትኛው ንግግር እንደሚፈለግ አያውቅም። ከዚህ ሌላ የአብዛኛው አዛውንት የዕለት ውሎ በቤት ውስጥ ከጥቂት ሰው ጋር የሚደረግ ጨዋታ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ነው፤ ይህን መሠረታዊውም ይችለዋል።

ዋጋን ብቻ ነጥሎ የፈተነ ጥናትም አለ። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ላሪ ሂዩምስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ሙከራ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 79 የሆኑ ከ150 በላይ ሰዎች አንድ ዓይነት መሣሪያ ለስድስት ሳምንት ያህል ተጠቀሙ። መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ ግማሾቹ ለጥንዱ 600 ዶላር፣ ግማሾቹ 3,600 ዶላር እንዲከፍሉ ተደረገ። የከፈሉት ገንዘብ በውጤቱ ላይ ለውጥ አላመጣም። ሙከራው ሌላም ነገር አነጻጽሮ ነበር፤ አንዱ ቡድን ባለሙያ ጆሮው ውስጥ ለክቶ አስተካከለለት፤ ሌላው ከተዘጋጁ ቅንብሮች ራሱ መረጠ፤ ሦስተኛው ሳያውቅ ምንም የማያጎላ መሣሪያ ወሰደ። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ከሦስተኛው የተሻለ ጥቅም አገኙ፤ ራሳቸው የመረጡት ግን እርካታቸው ዝቅ ያለ፣ መሣሪያውን ለማስቀረት ያላቸውም ፍላጎት ያነሰ ነበር። ከሙከራው በኋላ የባለሙያ አገልግሎት ሲጨመርላቸው እርካታቸው ተሻሻለ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ተጨማሪ ዋጋ ብቻውን ያላስገኘውን እርካታ የባለሙያ እጅ አስገኝቶታል።

ልክ ማለት በተግባር ምን እንደሆነ ማብራራት ያስፈልጋል፤ ብዙ ገዢዎች የሚያጡት ይህን ነውና። በእርጅና የሚመጣ የመስማት ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጭን ድምፆች ነው። እንደ ሰ፣ ሸ እና ፈ ያሉ ድምፆች ኃይላቸው በቀጭኑ በኩል ስለሆነ ቀድመው ይጠፋሉ፤ አናባቢዎቹ ግን ወፍራም ስለሆኑ ይሰማሉ። ለዚህ ነው አዛውንቱ «ድምፅህ ይሰማኛል፤ የምትለው ግን አይገባኝም» የሚሉት። መድኃኒቱ የጠፋውን ቀጭን ድምፅ በሚፈለገው መጠን፣ ከዚያ ሳያንስና ሳይበልጥ መመለስ ነው። የሚፈለገው መጠን በሳይንሳዊ ቀመር ይሰላል፤ በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ የአውስትራሊያ ብሔራዊ የአኩስቲክስ ላቦራቶሪዎች ያዘጋጁት ነው። የጆሮ ቀዳዳ ስፋትና ርዝመት ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ኮምፒዩተሩ በአማካይ ጆሮ አስልቶ የሚሰጠው ቅንብር በአንዱ ላይ ያንሳል፣ በሌላው ላይ ይበዛል። ስለዚህ ባለሙያው ቀጭን የማይክሮፎን ቱቦ በጆሮው ውስጥ አስገብቶ መሣሪያው ሲሠራ ታምቡሩ አጠገብ የሚደርሰውን ድምፅ መለካት አለበት። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት 24 ሰዎች አንዱን መሣሪያ በኩባንያው የመነሻ ቅንብርና በጆሮ ውስጥ በተለካ ቅንብር ሞክረውት 79 በመቶው የተለካውን መርጠዋል። ለክቶ ያልተሰጠ ፕሪሚየም ቁጥሩ በማይስማማ መስታወት ላይ የተሠራ የወርቅ መነጽር ነው። ይህ ልኬታ ሰዓት የማይፈጅ ሆኖ ሳለ በበለጸጉ አገሮች እንኳ ብዙ ክሊኒኮች ይዘሉታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተጠቃሚዎች የሚመጣ ነው፦ ፕሪሚየም የገዛ ዘመዴ ከድሮው እጅግ ይሻላል ብሎኛል የሚል። የዘመድ ምስክርነት አይናቅም፤ ነገር ግን ከድሮ መሣሪያ ጋር የተደረገ ንጽጽር ደረጃን አይለካም። አዲሱ መሣሪያ አዲስ ምርመራና አዲስ ቅንብር ይዞ መጥቷል፤ ዘመዱ የተደሰተበት ያ ሊሆን ይችላል። ተስፋም የራሱ ጉልበት አለው። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ለተሳታፊዎች ፍጹም አንድ የሆኑ ሁለት መሣሪያዎችን አንዱን አዲስ፣ ሌላውን የተለመደ ብለው ሰጧቸው። አብዛኞቹ አዲስ የተባለውን መረጡ፤ ከዚህም የሚያስገርመው በጫጫታ ውስጥ ንግግር የመረዳት ውጤታቸው ራሱ አዲስ በተባለው ከፍ ማለቱ ነው። ስለዚህ ውድ መሣሪያ የገዛ ሰው ተሻለኝ ሲል እውነቱን ነው፤ መሻሉ ግን ከደረጃው መምጣቱን ይህ ምስክርነት ብቻውን አያረጋግጥም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፦ ጥናቶቹ የተደረጉት ከዓመታት በፊት ነው፤ ቴክኖሎጂው ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተለውጧል። ይህ በከፊል ልክ ነው። ፎናክ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2024 ንግግርን ከጫጫታ የመለየት ሥራ ብቻ የሚሠራ ራሱን የቻለ ቺፕ ያለው መሣሪያ አውጥቷል፤ ሌሎችም በዚያው አቅጣጫ እየሄዱ ነው። ጥናቶቹም የተሠሩት ጉድለታቸው ከቀላል እስከ መካከለኛ በሆነ አዛውንት ላይ ስለሆነ ከባድ ጉድለት ላለበት ሰው ወይም ቀኑን ሙሉ በስብሰባና በክፍል ውስጥ ለሚውል ሠራተኛ እንዳለ አይተላለፉም። ለእነዚህ ሰዎች ከፍተኛው ደረጃ ገንዘቡን ሊመልስ ይችላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ክርክሩን አያፈርሰውም። አዲሱ ቺፕ የሚያጠራው ንግግር ተጠቃሚው ጆሮ ውስጥ በሚበቃ መጠን ካልደረሰ አይሰማም፤ ልክ አሁንም ይቀድማል። የተሻለ መሆኑን የማሳየት ሸክሙም የሚያርፈው ተጨማሪ ዋጋ በሚጠይቀው ወገን ላይ ነው፤ ገዢው ሁለቱን ደረጃ በራሱ ውሎ ሞክሮ ልዩነቱን ካልሰማ የሌሎች ሠንጠረዥ ሊያሳምነው አይገባም።

ከዚህ ተነሥቶ ርካሽ የሆነ ሁሉ ይበቃል የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ አደጋ አለው። በገበያና በኢንተርኔት የሚሸጡ ቀላል ድምፅ ማጉያዎች ብዙዎቹ ሁሉንም ድምፅ በአንድነት ያጎላሉ፤ ወፍራሙን አብዝተው ቀጭኑን ያሳንሳሉ፤ ኃይለኛ ድምፅ የሚገታ ጣሪያ የሌላቸው ደግሞ የቀረውን መስማት ሊጎዱ ይችላሉ። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ባወጣው ደንብ መሠረት ከኦክቶበር 17 ቀን 2022 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የመስሚያ መሣሪያዎች ተፈቅደዋል፤ ዕድሜያቸው 18 ለሞላ፣ ጉድለታቸውም ቀላል ወይም መካከለኛ እንደሆነ ለሚሰማቸው ሰዎች ብቻ የታሰቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የአፕል ኩባንያ የጆሮ ማዳመጫ ኤርፖድስ ፕሮ 2 በሶፍትዌር እንደ መስሚያ መሣሪያ እንዲያገለግል ባለሥልጣኑ ፈቅዷል። ነባሩ ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ የመስሚያ መሣሪያ ወጪ ስለማይሸፍን በዚያ ለሚኖሩ ወገኖች ይህ እውነተኛ አማራጭ ነው። በድንገት መስማት ያቆመ፣ አንዱ ጆሮው ብቻ የደከመ፣ መግል ወይም ሕመም ያለው፣ የሚያዞረው ሰው ግን ከማንኛውም ግዢ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት፤ በድንገት የጠፋ መስማት በቀናት ውስጥ ካልታከመ ሊመለስ የማይችልበት ዕድል ሰፊ ነው።

ደረጃን ወደ ኋላ ስናደርግ ዓይነትና ተጨማሪ አገልግሎት ወደ ፊት ይመጣሉ፤ እነዚህ የሚመረጡት በእያንዳንዱ ሰው ኑሮ ነው። በጫጫታ መካከል መስማት ዋና ችግሩ የሆነ ሰው ከፕሪሚየም ደረጃ ይልቅ በተናጋሪው ልብስ ላይ የሚሰካ ተጓዳኝ ማይክሮፎን ይጠቅመዋል፤ ማይክሮፎኑ ከተናጋሪው አፍ ስንዝር ያህል ርቆ ስለሚቀመጥ የትኛውም ጆሮ ላይ ያለ ቺፕ የማይደርስበትን ጥራት ይሰጣል። ልጆቹ በሌላ አገር ያሉ እናት ስልክ በቀጥታ ወደ ጆሯቸው የሚያደርስ ብሉቱዝ ያስፈልጋቸዋል። ጣቶቹ የሚንቀጠቀጡ ወይም ዓይኑ የደከመ አዛውንት ትናንሽ ባትሪ መቀየር ስለሚቸግረው ቻርጅ የሚደረገው ይሻለዋል። ገንዘቡ ለአንድ ፕሪሚየም ወይም ለሁለት መሠረታዊ የሚበቃ ከሆነና ሁለቱም ጆሮዎች ከደከሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ መሠረታዊ ይመረጣሉ፤ ድምፅ ከየት እንደመጣ ማወቅና በጫጫታ ውስጥ መለየት የሁለት ጆሮ ሥራ ነውና።

በኢትዮጵያ የሚደረግ ምርጫ የራሱ ሁኔታዎች አሉት። ጆሮ የሚመግል ከሆነ አስቀድሞ መታከም አለበት፤ የሚመግልን ጆሮ በመሣሪያው የጆሮ መሰኪያ መድፈን ሕመሙን ያባብሳል፤ መግሉ አልደርቅ ያለው ሰው በአጥንት በኩል ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ስለመጠቀም ሐኪሙን መጠየቅ ይችላል። ድምፅ ማውጫው ጆሮ ውስጥ የሚገባበት ቀጭን ዓይነት በኩክና በእርጥበት ቶሎ ይደፈናል፤ ከጆሮ ጀርባ ተቀምጦ በቱቦና በልክ በተሠራ የጆሮ መሰኪያ የሚሠራው ውበቱ ያነሰ ቢመስልም ለማጽዳትና ለመጠገን ይቀላል፤ ለከባድ ጉድለትም የሚበቃ ኃይል አለው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የባትሪው ዓይነት ይበልጥ አስተማማኝ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪው በአቅራቢያ መገኘቱ ግን አስቀድሞ ይጣራ። ከውጭ አገር ለወላጅ መሣሪያ የሚልክ ልጅ ሁለት ነገር ያረጋግጥ፦ የወላጁ የመስማት ምርመራ ውጤት በእጁ መኖሩንና መሣሪያውን አገር ቤት ያለ ባለሙያ ሊያስተካክለው መቻሉን። አንዳንድ ሻጮች መሣሪያውን ሌላ ባለሙያ እንዳይከፍተው አድርገው ስለሚዘጉት ውድ ስጦታ ሣጥን ውስጥ ሊቀር ይችላል። ባለሙያ በሌለበት ውድ መሣሪያ ክፍተቱን ይሞላል የሚለው ተስፋ የተገላቢጦሽ ነው፤ አገልግሎቱ በበዛ ቁጥር የሚፈልገው ማስተካከያም ይበዛል።

እንግዲህ ገንዘብ በዚህ ቅደም ተከተል ይውጣ፦ በመጀመሪያ ለምርመራ፣ ቀጥሎ በጆሮ ውስጥ ለክቶ ለሚያስተካክልና ለሚከታተል ባለሙያ፣ ከዚያ ለሁለቱም ጆሮዎች፣ ከዚያ ኑሮ ለሚጠይቀው ተጨማሪ አገልግሎት፣ በመጨረሻ ከተረፈ ለደረጃ። አእምሮ ለአዲሱ ድምፅ እስኪለምድ ሳምንታት ስለሚፈልግ በመጀመሪያው ቀን ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ መመለስ የሚቻልበት የሙከራ ጊዜ መኖሩን ግን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። ወደ ሻጩ ሲሄዱ ስንት ቻናል አለው ከማለትዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ጆሮዬ ውስጥ ትለካላችሁ? በስንት ጊዜ ተመልሼ ላስተካክል? ካልተስማማኝ መመለስ እችላለሁ? ሦስቱንም አዎንታዊና ግልጽ አድርጎ የመለሰልዎ ሰው ዘንድ ያለው መሠረታዊ መሣሪያ፣ ላንዱም መልስ ከሌለው ሰው ዘንድ ካለው ፕሪሚየም ይበልጣል። ፕሪሚየሙን እስኪገዙ ብለው መስማትን ለነገ አያቆዩ።